ለምርመራ የማልሰጠው ምራቅ

ኦሮራ፣ የካቲት 14

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ መንትዮቹስ? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ቁርስ ሳትቀምስ ከስብሰባ ስብሰባ ትሮጣለህ? እኛ ቤት ባለቤቴ ሀብቱ ከጉልበቱ ሕመም በቀር ደህና ነው፤ ዛሬም እዚህ ዴንቨር ከሴንትራል ፓርክ ሰፈር ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ይውላል። ሶሲ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። እኔን ከጠየቅከኝ ጤና ነኝ፤ ግን ተናድጃለሁ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ሥርዓት ስለሆነ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በእጄ፣ በአማርኛ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ያነሳው ረዳትህ ነው። እህቱ ነኝ ስለው፣ በኢሜይል ይላኩልን አለኝ። ላክሁ። መልሱ "ውድ ነዋሪ ሆይ" ብሎ ይጀምራል፤ ስላካፈሉን ሐሳብ እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው ይላል፤ ከሥሩ ያንተ ፊርማ ታትሞበታል። ጣትህን ይዤ ሀሁ ያስቆጠርኩህ ሴት ውድ ነዋሪ ሆንኩልህ! ስለዚህ ቢሮህ ውስጥ ካንተ በቀር ማንም በማያነበው ፊደል ጻፍኩ። ስትጨርስ ቅደደው። ለምን እንደምልህ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፈትለወርቅ ሁለት ሽማግሌ ይዛ ቤቴ መጣች። እንግልውድ ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራዋን ታውቃታለህ። ሽማግሌዎቹን ሳይ ሀብቱ ከስሶኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ለካ ጉዳያቸው ካንተ ጋር ኖሯል። የፈትለወርቅ እህት እዚያው ካናዳ፣ ኤድመንተን፣ አንተን በመረጠው ሰፈር ነው የምትኖረው። ስደት ላይ የሞተችባት ጓደኛዋ የወለደቻትን ልጅ "ልጄ ናት" ብላ አስመዝግባ ይዛት ገባች። ልጅቷ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። አንተ ለግዛቱ ምክር ቤት ያቀረብከው ሕግ ከጸደቀ ቤተሰብ ነን ብለው የገቡ ሁሉ ዝምድናቸውን በምርመራ ማሳየት አለባቸው፤ ያላሳየ የሕክምና ካርዱን ይነጠቃል። ሽማግሌዎቹ፣ አንቺ እህቱ ነሽ፣ ያንቺን ቃል መሬት አይጥለውም አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቃል ገባሁላቸው። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ዘግይቼ ነው፤ ከኋላ ቆሜ፣ ሳያልቅ ወጥቼ እመለሳለሁ። አሳፈርከኝ።

ወግ አጥባቂዎቹ ጋር መግባትህ አይደለም ያናደደኝ። ወግ በማጥበቅማ እኔ ፓርቲህን በሙሉ አስከነዳለሁ፤ አንተ ሁዳዴ ከጾምክ ስንት ዓመትህ ነው? መጀመሪያ በተወዳደርክ ጊዜ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መጥቼ፣ ሰማያዊ ሻርፓችሁን ጠምጥሜ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ሁለት ሳምንት ሙሉ በር አንኳኳሁ። አንዱ ሽማግሌ ውሻ ለቀቀብኝ። ስትሸነፍ ካንተ ብሼ አለቀስኩ። ከአራት ዓመት በኋላ ስታሸንፍ እዚህ ኦሮራ ድግስ ደገስኩ። የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንክ፣ ቀጥሎ የሚኒስትሩ ምክትል ሆንክ፤ እያንዳንዱን ሹመትህን ለነርሶቹ ሁሉ በስልኬ እያሳየሁ አሰልችቻቸዋለሁ።

በየንግግርህ ደግሞ እኔን ታነሳለህ። እህቴ ጠዋት ዳቦ ቤት፣ ማታ ሆቴል እየሠራች አሳደገችኝ፤ እኛ እንደ ሌሎቹ ሳንሆን ወረፋችንን ጠብቀን በሕጉ ገባን ትላለህ፤ ሰው ያጨበጭባል። ስለ ዳቦ ቤቱና ስለ ሆቴሉ ያልከው እውነት ነው። ወረፋችንን ጠብቀን ባልክ ቁጥር ግን ቪዲዮውን እዘጋ ነበር። ያኔ ልነግርህ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ይህን አልክድም።

ባለፈው ሳምንት ምክር ቤቱ ፊት ቆመህ ቤተሰብ ማለት ደም ነው፣ የቀረው ማጭበርበር ነው ስትል በሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት ሰማሁህ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። ያቺን ኩላሊቷ የታመመ ልጅ አይተሃት ታውቃለህ? ቢሮህ ድረስ መጥታ እኮ በር ላይ መለሷት።

ይህ ሳይበቃ ሐሙስ ዕለት ሳጥን ላክህልኝ። ጥጥ የተጠቀለለባቸው ሁለት እንጨቶችና አንድ ወረቀት። ጉንጬን ከውስጥ ጠርጌ እንድልክልህ፤ ለፓርቲው መሪነት በምትወዳደርበት ጉባኤ ላይ የእኔና ያንተ ውጤት በካሜራ ፊት እንዲከፈት፤ እውነተኛ ሰው የሚፈራው ነገር እንደሌለ አገሩ ሁሉ እንዲያይ። ሶሲ "ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ስዋብ"፣ ጥጥ ብቻ እኮ ነው ብላ ልታወጣው ስትል ከእጇ ነጠቅኳት። ተወልዳ እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ልጄ አለቀሰች፤ ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የሚያጨበጭቡልህ የማያውቁህ ናቸው። እኔ ግን ራስህን ከምታውቀው በላይ አውቅሃለሁ። ሳጥኑን አልልክም። አንተም ያንተን ለማንም አትስጥ፤ ሰጥተህ ከሆነ ዛሬውኑ አስመልስ።

ልጅ ሳለህ፣ በየዓመቱ ለቄሱ የሙታንን ስም ስሰጥ፣ ከአባቴና ከእናቴ ቀጥዬ የማስጠራት ወለተ ማርያም ማን ናት ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ገዳሪፍ ካምፕ ጎረቤታችን የነበረች ሴት ናት አልኩህ። አልዋሸሁህም፤ ድንኳናችን ጎን ለጎን ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ተቅማጥ ይዟት በሦስት ቀን ሞተች። ሳቂታ ነበረች፤ ፍንጭት ነበረች። ያኔ የምርጫ ሰሌዳህ በረዶው ላይ ተተክሎ፣ አንተ ፍንጭት ጥርስህን ገልጠህ ስትስቅ አይቼ ቆሜ ሳለቅስ፣ ብርዱ ነው ብዬህ ነበር። ብርዱ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ከስምህ ቀጥሎ በትልቁ የተጻፈውን ሀይለማርያምንም የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ያባቴ ስም ነው፤ ሌላ የምሰጥህ አልነበረኝም።

ደም አልክ። እኔ አንተን በደም አላሳደግኩህም፤ በእጄ ነው ያሳደግኩህ። ኩፍኝ ሲይዝህ አንድ ሳምንት ሙሉ ከጭኔ አልወረድክም። ሀብቱ ዴንቨር ሆኖ ላግባሽ ሲለኝ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ አራት ዓመት አስጠበቅሁት። ይህን የትኛው ጥጥ ላይ ነው የሚያገኙት?

ሕጉን አንሳው። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለልጅቷ። ከዚህ መስመር በላይ፣ ካላነሳኸው ጉባኤው ላይ መጥቼ ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙ ይታይሃል። አላደርገውም። ብትክደኝም፣ ልጅቷ ካርዷን ብትነጠቅም፣ አንተን አሳልፌ ለማንም አልሰጥም፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይፍረድብኝ። ይህን አውቀህ ምረጥ። የቀረውን ለመስማት ካሜራህንም ረዳትህንም ትተህ ብቻህን ና።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ፤ ከማታውቀው ጉድጓድ ይጠብቅህ። መንትዮቹን በእጅህ አሳድገህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

ካርቱም ላይ የካናዳው መኮንን ምንሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንተ ሦስት ዓመትህ፣ ቀሚሴን ጨብጠህ ተኝተሃል። አስተርጓሚው ሳይጨርስ ወንድሜ ነው አልኩ። ወረፋ ጠብቀን አይደለም የገባነው፤ በዚያች አንድ ቃል ነው። በሌላው ኃጢአቴ ሁሉ ንስሐ ገብቻለሁ፤ በእሷ ግን ገብቼ አላውቅም፣ አልገባምም።

በዚያው ቃሌ ያለሁ፣
እህትህ