ጀርባውን የሰጠኝ ካፒቴን

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ምሽት

ዛሬም ከፋብሪካ በቀጥታ ወደ ልምምድ። ቀኑን ሙሉ ኪስ ስሰፋ ውዬ ሲመሽ ማሽን መሆን። ታውቂያለሽ ማስታወሻዬ፣ በቴአትራችን እኔ የጠፈር መርከብ የምትነዳ ማሽን ነኝ። ካፒቴኑ ገዲሳ ነው። ጠፈር ላይ ሰውና ማሽን ይዋጋሉ፤ እኔ ግን ለዓመታት አብሬው በርሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ከማሽኖቹ ትእዛዝ ይመጣል፦ አየሩን ዝጊበት። እዘጋለሁ። በብረት ሰባብሮኝ ያመልጣል።

ለምን እሺ እንደምል ጋሽ መ.ን ጠየቅኳቸው። ደራሲውም አዘጋጁም እሳቸው ናቸው። ማሽን ስለሆንሽ አሉኝ። እምቢ ማለት ካልቻለች ክፋቷ ምኑ ላይ ነው አልኩ። ተቆጡ። ካልተስማማሽ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ አሉ። አልደነገጥኩም። እንደ እኔ የሚጫወታት የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከገዲሳ ጋር በአንድ ባጃጅ ተመለስን። ቁጥብ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። እሱም መጨረሻው አልተዋጠለትም። ያን ያህል ያመናትን በአንድ ደቂቃ መሰባበር ይከብደዋል። ታዲያ ምን እናድርግ አልኩት። ሰፈሩ ሲደርስ ወረደ። ተናደድኩበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ወለንጪቲ

ገና የመድረክ ልብሴን አልቀየርኩም። ደስ ብሎኛል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ትእዛዙ መጣ። ገዲሳ ብረቱን ማንሳት አለበት። አላነሳም። ጀርባውን ሰጠኝ።

«አልዞርም» አለ። «የፈለግሽውን አድርጊ።»

ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ለእኔም አልነገረኝም። እጄ አየር መዝጊያው ላይ ነው። ጋሽ መ. ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ዝጊ፣ ዝጊ ይላሉ በእጃቸው። ከፊት ወንበር አንዲት እናት «ተይው ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

እጄን አነሳሁ።

አዳራሹ አጨበጨበ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጋሽ መ. አስጠሩኝ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ገባሁ። የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው፦ ጀርባውን ሲሰጥሽ ወስነሽ ነበር? አልወሰንኩም፣ እጄን እስካነሳ እኔም አላወቅኩም አልኳቸው። እውነቴን ነው። የመጨረሻውን ገጽ ከጽሑፉ ላይ ቀደዱት።

«ቡልቡላ ስናሳይ መጨረሻውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ለገዲሳ ነገርኩት። ልትዘጊብኝም ትችያለሽ ማለት ነው አለ። እችላለሁ አልኩት። ሳቀ። ብረቱን ይዞ እንደማይወጣ ነገረኝ፤ ምን እንደማደርግ ግን አልጠየቀኝም።

እሑድ ቡልቡላ እንሄዳለን። ወስኛለሁ። ላንቺም፣ ማስታወሻዬ፣ አልነግርሽም።