የአሰብ ሽልማታችን

ነስሩዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። አላህ ይዘንልህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ስምህን የሚያነሳ ሁሉ እንደዚያ ይላል፤ እኔም ሰው ፊት እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አፌ ላይ ይቀርብኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ስለዘመመ ወንድሜ ሸሪፍ ከየቡ መጥቶ አቃናው፣ በአዲስ ጭቃም መረገው። አንተ ትጠግነው የነበረውን የቡና መፈልፈያ አሁን ከጅማ የመጣ ወጣት ይዞታል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ሠራተኞቹ “ነስሩ ቢኖር” ይላሉ አሉ። ሊሙ ገነት ውስጥ አንተን የሚያማ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የማማህ ለራስህ ነው።

ኮከብ ሠራተኛ ተብለህ የተሸለምክበትን ዕለት ታስታውሳለህ? አሥር ቀን አሰብ፣ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከነባለቤትህ። የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ቀኑብኝ። እኔ ከጅማ አልፌ አላውቅም ነበር። ልጃችን ፋይሰል ሻንጣችንን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘን። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የባሕር ውኃ ጨው ጨው ይላል የሚባለው እውነት መሆን አለመሆኑን ቀምሼ እንድነግረው አደራ አለኝ።

ሰኮሩ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም አንተ አልበላህም። መንገድ ዳር ቆመህ ወደመጣንበት አቅጣጫ ስታይ ቆየህ። መኪና ያዞረህ መስሎኝ ሎሚ ገዝቼ ሰጠሁህ።

መንደሩ ከአሰብ ከተማ ወጣ ያለ ነበር። የአፋር ዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች፣ ጥቂት ዘንባባ፣ ለእኛ ለተሸላሚዎቹ የተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ቤት። ጠዋት ጠዋት አሸዋው ላይ ስፖርት ያሠሩን ነበር። ከቀሚሴ ሥር ያንተን ሱሪ ለብሼ ስዘል ሳቅህ አያባራም። ከሰዓት በኋላ እናንተ ወንዶቹ መረብ ኳስ ስትጫወቱ እኛ ዛጎል እንለቅም ነበር። በጀልባ ወስደውን በክር ዓሣ አጠመድን፤ የያዝኩት ዓሣ እጄ ላይ ሲንፈራገጥ ደንግጬ ባሕሩ ውስጥ መልሼ ጣልኩት። ዋናም አስተማርከኝ። አንተ በልጅነትህ ጊቤ ወንዝ ላይ የተማርከውን። በመዳፍህ ጀርባዬን ከሥር ደግፈህ “ጃለሌ ኮ፣ አትፍሪ፣ አለሁ” ትለኝ ነበር። በትዳራችን ዘመን ሁሉ በኦሮምኛ ፍቅሬ ብለህ የጠራኸኝ እዚያ ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። የማልምርህም በዚህ ነው።

ስንመለስ ቤቱ ተቆልፎ አገኘነው። ቁልፉ ከከምባታ የመጣችው ጎረቤታችን ዓለሚቱ ዘንድ ነበር። ሴትዮዋ አቅፋኝ መጀመሪያ አለቀሰች፤ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው ፋይሰልን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። ረቡዕ እኛ ጀልባ ላይ ነበርን። እኔ ደጃፉ ላይ ወደቅሁ። አንተ ሻንጣውን ወደ ውስጥ አስገባህ።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልመጣም። ስጾም አብረኸኝ ጾምክ፤ ሳለቅስ ውኃ አቀበልከኝ። ከዚያ ጉበትህ ታሞ ጅማ ሐኪም ቤት ተኛህ። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለህ ነግሮኝ ወደ አልጋህ ስመለስ፣ እጄን ይዘህ ተናዘዝክ። ከጉዟችን በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር ለብቻህ ጠርቶህ ነበር። የፋይሰል ስም ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን ነግሮሃል። ልጁን ብታሸሽ አንተ ትታሰራለህ፤ ዝም ብለህ ወደ አሰብ ብትሄድ ግን ሥራህም ሽልማትህም አይነካም።

“የቡ፣ ሸሪፍ ዘንድ ልንደብቀው እንችል ነበር” አልኩህ።

“እንችል ነበር” አልከኝ። “ፈራሁ። አውፍ በይኝ።”

አላልኩህም። ሦስት ቀን በዓይንህ ስትለምነኝ፣ ከንፈርህን በውኃ እያራስኩ፣ ትራስህን እያስተካከልኩ ዝም አልኩህ። ይቅርታዬን እንደምትጠብቅ ዐውቅ ነበር። ነፍስህ ልትወጣ ስትል ሸሃዳህን ሌሎች አሲያዙህ። የሰው ልብ እስከዚህ መጨከን እንደሚችል ከራሴ ተማርኩ።

የምጽፍልህ ፋይሰል ስለመጣ ነው። በሞትክ በሦስተኛው ወር መጣ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም፤ ከጦሩ ያሰናበቱት በዚህ ነው። ቅርንጫፉን በደረቱ ይዞ በግራ እጁ ቡና ይለቅማል። ደጁን ገና ሳያልፍ የጠየቀው አንተን ነበር። አሁን በየጁምዓው መቃብርህ ላይ ከቁርኣን ያሲንን ይቀራልሃል። ለሚጠይቀው ሁሉ፣ “አባዬ ያኔ ቤት ቢሆን ኖሮ አሳልፎ አይሰጠኝም ነበር” ይላል። እኔ ወጡን አማስላለሁ።

አልነገርኩትም። እስክሞትም አልነግረውም። ይህን አውፍ እንዳልኩህ አድርገህ እንዳትቆጥረው። እጁን ያጣ ልጅ አባቱንም እንዲያጣ ስላልፈለግሁ ነው። ለእሱ የሚወደው አባት ይኑርለት። የሆነውን፣ ያደረግኸውን፣ እውነተኛውን ነስሩን የማስታውሰው እኔ ነኝ። በሕይወት እስካለሁ አንዲት ቀን አልረሳህም፤ ቃሌ ነው።

ባለቤትህ ዘይነባ