ቦንሳና የዓሣው ልጋግ

ለውድ እህቴ ለአገርነሽ፤ አንቺስ፣ ልጆቹስ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የአሰላ ብርድ ብቻ አልለቀኝም።

የጓሮውን ክፍል ያከራየሁት ቦንሳ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚያጠና ታውቂያለሽ? የዓሣ ልጋግ! ከዝዋይ አምባዛ እያስመጣ ቆዳውን በማንኪያ ይፍቃል። ሁለት ዲግሪ ለዚህ! «እትዬ የውብዳር፣ ዓሣ ጀርም በሞላበት ውሃ እየኖረ ቶሎ የማይታመመው ልጋጉ ጀርም ስለሚገድልለት ነው» ይለኛል። እናታችን ያንኑ ልጋግ በአመድ አሽታ ነበር የምትደፋው፤ ያውም ያለ ዲግሪ።

ሚስማር የወጋኝ እግሬ ቀላል ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም ብሎ ሐኪሙ ሦስተኛ መድኃኒት ቀየረልኝ፤ መድኃኒቱም ያው ሰነፍ ነው። እሑድ ዕለት ለቀልድ ያህል ፋሻዬን ፈትቼ፣ «በል እስቲ፣ ልጋግህን ጠብ አድርግበት» አልኩት ቦንሳን። ይስቃል ስል ጎንበስ ብሎ አየውና ፋሻውን መልሶ ጠቀለለልኝ።

«ለሰው አልተሞከረም እትዬ፤ ገና ዓመታት ይፈጃል» አለኝ።

ድሮስ ከእሱ ምን የሚረባ ነገር ይገኛል! ከዚያ ወዲህ አዳማ ትልቁ ሆስፒታል ካልወሰድኩዎት እያለ ይነዘንዘኛል። አፉን ላዘጋው ብዬ ሐሙስ አብሬው እሄዳለሁ።

ለፋሲካ የገዛሁትን አዲስ ጫማ በሰው ልኬልሻለሁ። ቁጥራችን አንድ ነው፤ አንቺ አድርጊው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚደርቅ።

ሁላችሁንም በጤና የማይበትን ቀን ያቅርብልኝ።

እህትሽ የውብዳር