ፒካፕ ፍለጋ

ረቡዕ

ዛሬ ልምምድ መሀል ቤዝ ጊታሬ ሞተ። አንዴ ጓ አለና ዝም። ገመዱን ቀየርን፣ ማጉያውን ቀየርን፣ ምንም። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማገኝ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጊታሩ ለእሁዱ ሰርግ ካልደረሰ ቤዙን በግራ እጁ እንደሚሸፍነው ነገረኝ። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎም እኮ ትንሽ ይረፉ።»

ሠላሳ ዓመት በዐረብ አገር የሰው ወለል ስፈገፍግ እረፊ ያለኝ የለም። አሁን ገና እጄ ሲፈታ እረፊ።

ቤዝ የያዝኩት ቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው፣ መሠረተ ትምህርት ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት። ፊደሉ በእንባ ገባልኝ፣ ቤዙ በሁለት ሳምንት። ይህን ጊታር ደግሞ የድሮዋ የቨርደን ሰፈር ማዳሜ ከቆሻሻ ጋር አውጪው ብላኝ ነው ያገኘሁት። ልጇ ፈረንሳይ ሲሄድ የተወው ነበር። ለማንም አልሰጠውም።

ሐሙስ

የሞተው ፒካፑ ነው አሉኝ። ከክሮቹ ስር የምትቀመጠው፣ ማግኔትና ሽቦ ያላት ድምፅ ተቀባይ። አብራኝ ለምትኖረው ለዘሃራ ነገርኳት። እሷ የምትሠራበትን ሕንፃ ዘበኛ ፒካፕ ከየት ይገኛል ብላ ጠየቀችልኝ።

ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ «ወይን ኤል ዐፍሽ?» ይላል። የቤት ዕቃው የት አለ ማለቱ ነው። ለካ እዚህም ፒካፕ ሲሉ መኪናውን ነው። ዘሃራ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ደሜ ፈላ። ጊታሩን ሳሳየው ሰውየውም ሳቀና ባውሽሪዬ ሰፈር የሙዚቃ ዕቃ የሚጠግን ሙዓለም፣ ማለትም ባለሙያ፣ ሃኮፕ የሚባል አርመናዊ አውቃለሁ፣ ያላ፣ መኪናው ላይ ውጪ አለኝ። ጊታሬን አቅፌ ባዶው ጭነት ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ነበር። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሃኮፕ ከፈተው። የውስጥ ሽቦው ተበጥሷል። ሁለት ዓይነት አለኝ፣ ነገ መጥተሽ ትመርጫለሽ አለ።

ትመርጫለሽ። እስከ ዛሬ ማን አስመርጦኝ ያውቃል?

ዓርብ

ሃኮፕ ፒካፖቹን ሳይገጥም በሽቦ ከማጉያው ጋር አገናኝቶ፣ በእጁ ከክሮቹ በላይ ያዘልኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ። አንዷ ሽቦዋ ነጠላ ጥቅል ነው፣ ሌላዋ ድርብ። ነጠላዋ ጥርት ያለች ናት! ድርቧ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ትመስላለች። ነጠላዋን አልኩት።

አፌን ሳልዘጋ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ነጠላዋም እንደ ዝንብ ዝዝዝ ማለት ጀመረች። ድርቧ ጸጥ። የሰርጉ አዳራሽ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ በጄኔሬተር ነው። የኔ ዕድል መቼም።

ሃኮፕ ግን ድርቧን ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ጫፍ ትንሽ ጠጋ አደረጋት። ድምፁ ተከፈተ። አሁንም ጠጋ ሲያደርጋት ቀጠነ። «መልሳት። እዚያ ጋ» አልኩት። በእርሳስ ምልክት አደረገ። ችግሩ፣ እዚያ ቦታ ላይ ፒካፕ የሚገባበት ጉድጓድ የለም። እንጨቱ ሊቆረጥ ነው።

«ከቆረጥኩ ኸላስ፣ መመለሻ የለውም» አለኝ። «በጆሮሽ ትተማመኛለሽ?»

«ቁረጠው» አልኩ። መሮውን ሲያነሳ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ቅዳሜ

የአሁኗ ማዳሜን በረንዳ ሳጥብ ሳስበው የዋልኩት፦ እንጨቱ ቢሰነጠቅ። ጆሮዬ አርጅቶ ቢሆንስ። ወንድማገኝ ልክ ቢሆንስ። ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል።

ከሥራ ስወጣ ሮጥኩ። አልተሰነጠቀም። ሱቁ ውስጥ ግሩም ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ማን ያውቃል። ቤት ገብቼ ያለ ማጉያ ለዘሃራ መታሁላት። «ያኒ፣ ማለቴ፣ ለዚህ ነው ይህን ያህል የሮጥሽው?» አለች። እኔ አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ሁሉንም ሰማሁት።

እሁድ

ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ጀርባ ይንደቀደቃል። ሰካሁ። ጸጥ። ከዚያ ዝቅተኛውን ክር ስመታ የሙሽሮቹ ሶፋ እግር ነዘረ!

ወንድማገኝ ግራ እጁን ቤዝ ላይ እንዳደረገ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዘፈን ሁለታችንም እየመታን ተጋጨን። አላቆምኩም። በሁለተኛው ሙሽራዋ ወደ እኔ ዞራ ትከሻዋን ሰበቀች። በሦስተኛው ወንድማገኝ ግራ እጁን ከቤዙ አነሳ። አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም።

ዕቃ ስንሰበስብ፣ «ማክሰኞ ልምምድ አለ፣ እንዳይቀሩ» አለኝ።

እመጣለሁ አልኩ። ማክሰኞ የማዳሜ ምንጣፎች የሚታጠቡበት ቀን ነው። ምን ብዬ ከሥራ እንደምቀር ገና አላወቅሁም። የጣቴ ጫፍ ተልጧል፣ እስክሪብቶ ለመያዝ እንኳ ያቃጥለኛል።