አሥራ አንድ ገብተው አሥራ ሁለት የወጡት አህዮች

ለክቡር የእንስሳት ነክ ሥራዎች ፈቃድ ሹም
አዲስ አበባ
መስከረም 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ክረምቱን በደኅና አልፈው ይህችን አዲስ ዓመት በማየትዎ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ጤናዎም እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን። እኔ መሳለሚያ አጠገብ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደረው አስናቀው ገብረ ኢየሱስ ነኝ። ባለፈው ዓመት ስለ አቶ ይመር በረት አራት ማመልከቻ ጽፌልዎታለሁና የእጅ ጽሑፌን ሳያውቁት አይቀሩም። አንዱም መልስ ስላላገኘ፣ አምስተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍሁት።

አቶ ይመር ከሰላሌ እህል ጭነው የሚመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን የሚያሳድሩበት በረት ባለቤት ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ አህያ እንኳ አልጠፋባቸውም።

አንደኛ፤ ከእንስሳት ጋር የሚሠራ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ማለትዎ የሚደነቅ ነው። አቶ ይመርም በማግስቱ ቀረቡ። መሥሪያ ቤትዎ አስቀድሞ የከብት ሐኪም ወረቀት እንዲያመጡ አዘዛቸው፤ ሐኪሙ ደግሞ ፈቃድ የሌለው በረት ገብተው መመርመር እንደማይችሉ በትሕትና ነገሯቸው። በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ክረምት ገባ። በስተርጅና እግራቸው እንዳይተሳሰር ስላሰቡላቸው እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ነሐሴ 24 ቀን ተቆጣጣሪዎ መጥተው በሩን በገመድና በሰም አሸጉት። አህዮቹ ውስጥ ናቸው ቢባሉ፣ የታዘዙት በር ለማሸግ እንጂ አህያ ለማስወጣት እንዳልሆነ ገለጡ። በስንጥቁ አጮልቀው አሥራ አንድ ብለው መዘገቡና ዘበኛ አለሙን በሩ ላይ አቁመው ሄዱ። ቆጠራው ፍጹም ትክክል እንደነበር እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ ልል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሆነው ግን በቁጥር የሚደረደር ስላልሆነ እንዳመጣጡ ልንገርዎ።

ሁለት ቀን ሙሉ የሰፈሩ ሰው ገለባ በአጥር ላይ ሲወረውር፣ ውኃ በገመድ ሲያወርድ ሰነበተ። ከአህዮቹ አንዷ የእትዬ ቦሰና ነበረች። እትዬ ቦሰና ባላቸው ከሞተ ወዲህ ኑሯቸው በዚህች አንዲት አህያ ጀርባ ላይ ነው፤ አህያዋም ደርሳ ነበርና ሴትዮዋ ከበሩ ሥር አልተነሡም። በሦስተኛው ቀን ጧት በስንጥቁ ቢያዩ ተኝታ ታቃስታለች። አለሙን ለመኑት። እሱም ማኅተም የቀደደ እንደሚታሰር፣ እንጀራውም እንደሚቀር አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

«ልጄ፣ እሷ ማኅተም አታነብም፤ ምጧ መጥቷል» አሉት። አለሙ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

በረቱን ከኋላ በጭቃ ግድግዳ የሚዋሰኑት በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጠሂራ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ጆንያዎቻቸውን ወደ ዳር አስገፉና ዶማ አመጡ። ይታሰራሉ ብዬ ፈርቼ ሕጉን ላስረዳቸው ብሞክር፣ «ማኅተሙ በሩ ላይ ነው፤ ግድግዳው የኔ ነው» አሉኝና የመጀመሪያውን ምት ራሳቸው መቱ። በሃያ አምስት ዓመት የጽሕፈት ሥራዬ እንዲህ ያለ አጭርና የተሟላ ማመልከቻ አላየሁም።

በቀዳዳው ገባን። የውርንጭላዋ አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። አቶ ይመር እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ቀስ እያሉ አቀኑት፤ እትዬ ቦሰና የእናቲቱን ራስ ታቅፈው ስሟን ይጠሩ ነበር፤ እኔ ከብዕር በቀር የምችለው ስለሌለ ጃንጥላ ያዝሁ። ውርንጭላዋ ወድቃ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ኋላ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አውልቀው ጠቀለሏት። የቀሩት አህዮች በበርበሬው ጆንያ መካከል እያነጠሱ አንድ በአንድ ወጡ።

በማግስቱ ተቆጣጣሪዎ ተመልሰው ማኅተሙን ደኅና ቢያገኙት አለሙን አመሰገኑት። ወዲያው ግን አህዮቹን መንገድ ላይ ለጉዞ ተሰልፈው አዩና ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት ሆኑባቸው። አቶ ይመርም በረቱ ታሽጎ ሳለ አንድ አህያ ያለ ፈቃድ የጨመሩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዱ ታዘዙ። ምክንያቱን እናቲቱ ብቻ ስለምታውቅ፣ እሷም ከነልጇና ከእትዬ ቦሰና ጋር በደኅና ሰላሌ ስለገባች፣ ጥሪው በዚያ እንዲደርሳት በአክብሮት አመለክታለሁ።

በረቱ ግን ዛሬም እንደታሸገ ነው፤ አቶ ይመርም በስልሳ ዓመታቸው ጆንያ ተሸክመው ያድራሉ። ፈቃዳቸውን ይስጧቸው።

ትዕግሥትዎን የተማረ፣ ደጅዎን የለመደ፣ አክባሪዎ
አስናቀው ገብረ ኢየሱስ

ማስታወሻ፤ የሰላሌ ሰዎች ማደሪያ ቢያጡ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ፊት ያለው ሜዳ ሣሩ መልካም እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። የፊታችን ሐሙስ ይደርሳሉ፤ አህዮቹ ወደ አርባ ይሆናሉ፤ የደረሱም አሉባቸው።