ለተነሣችው መኪና የመረጥነው ሻፍት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዐይንዎስ፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎት ጠብታ ለውጥ አመጣ? እማዬ እንዴት ናት፣ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ላይ ያለው ግራሶ በሳሙና አልለቅ ብሎኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ይህን የሚያነብልዎ ወንድሜ መሆኑን ስለማውቅ እሱንም በዚሁ ሰላም ብዬዋለሁ። ረዘመ ብሎ መስመር እንዳይዘልብዎ ግን ይጠብቁት።

ብዕር ያነሣሁት ነገሩ በስልክ እየጮህኩ የማስረዳው ስላልሆነ ነው። እንደሚያውቁት ነርሶቹንና ክትባቱን ይዤ ከተራራው ወዲያ ወዳሉት መንደሮች የምወጣው በክሊኒኩ መኪና ነው። የወንዙ ድንጋይ ሆዷን እየፈተገ ሲያስቸግረን አለቃችን ባሌስትራዋን አስለውጠው ከፍ አስደረጓት። ከፍ ማለቱስ አማረባት። ነገር ግን ከካምቢዮው ተነሥቶ የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያዞረው ሻፍት እንደነበረ ቀረ። መኪናዋ ስትነሣ እሱ አጠራት፣ ቁልቁለቱም በዛበት። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት መታጠፊያዎች፣ ክሮቸራዎቹ ማለቴ ነው፣ ጥርሳችንን እስኪያንቀጫቅጩት ድረስ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

አለቃችን ጥፋቱን በእኔ አላከኩ። የፍሪሲዮን አለቃቀቅሽ ነው አሉኝ። ክረምቱ ሳይገባ ካልተስተካከለ መኪናዋን ለሌላ ሹፌር እንደሚሰጡ፣ እኔም ወደ መጋዘን እንደምመለስ በሰው ፊት ነገሩኝ። አባዬ፣ የመጋዘን ሥራ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን እኔ ከመሪው ከተነሣሁ እዚህ ቤት ዳግመኛ ለሴት መሪ የሚሰጥ የለም። ደግሞ መንቀጥቀጡ ከመቀመጫዬ ሥር እንጂ በመሪው አይመጣም ነበር። በመሪው ከመጣ የፊት ጎማ ነው፣ ከወንበር ሥር ከመጣ ሻፍት ነው ብለው እርስዎ ያስተማሩኝን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ አዲስ ሻፍት ፍለጋ ወጣሁ። መለዋወጫ ሻጩ፣ ጥርሱ ስለማይከደን ፈገግታ የምንለው፣ ለተነሡ መኪናዎች ተብሎ የተሠራ ወፍራም ሻፍት አወጣልኝ። ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ዐይንሽን ጨፍነሽ ግጠሚው አለኝ። መካኒካችን መኪናዋን በሊፍት ሰቅሎ ቢለካ ከሱቁ ሻፍት ጋር ቁርጥ አንድ ሆነ። ያን ዕለት ነው ላበሥርዎ የደወልኩት። ወንድሜ በመሃል እየጮኸ ሲያስተላልፍልዎ እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሲለካ ጎማዋ መሬት ነክቶ ነበር ወይ አሉ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ክው አልኩ። ተሰቅላ ነበራ! ጎማዋ ተንጠልጥሎ፣ አክስሏ ወደ ታች ወርዶ ነው የተለካችው። ያን ሻፍት ብንገጥመው ኖሮ፣ መኪናዋ በጎማዋ ስትቆም ይረዝምባትና ካምቢዮውን እየወጋ ይፈጀው ነበር። እርስዎ የጭነት መኪናዎን የዘወትር ጭነቷን ሳያሸክሙ ሻፍቷን አስለክተው አያውቁም። ሰው ይሥቅብዎ ነበር፤ እኔም፣ ምን ልደብቅዎ፣ አብሬ እሥቅ ነበር።

እንግዲህ ሣቁ በእኔ ደረሰ። የክትባት ሳጥኖቹን፣ ተጠባባቂ ጎማውን፣ የነዳጁን ጄሪካን ጫንኩና ነርሶቹን ግቡ አልኳቸው። ወዴት ነው ሲሉኝ የትም አልኳቸው። ዋናዋ ነርስ ሹራቧን እየሠራች ከፊት ተቀመጠች። ዘበኛው፣ መኪናዋ ከጋራዡ ግቢ ንቅንቅ እንደማትል እያወቀ፣ ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሻፍት በልክ የሚሠሩት የቶርኖ ባለሙያ ከሥር ተጋድመው ይለካሉ። በሙያቸው ቀልድ ስለማያውቁ ጋሽ ሚሊሜትር ነው የምንላቸው፤ አንዳችን ባስነጠስን ቁጥር ይቆጡናል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሥቅብናል። ልኩ ከመጀመሪያው ሁለት ጣት ያህል አጥሮ ተገኘ።

ሻጩ ፈገግታ የሻፍቱን ውፍረት እያሳየ ሊያባብለኝ ሞከረ። ልክ ካልሆነ ውፍረቱ ምን ያደርግልኛል? ጋሽ ሚሊሜትር የመከሩኝን መረጥኩ። እሳቸው የሠሩልን በካምቢዮው በኩል ድርብ ክሮቸራ አለው፤ ተንሸራታች ጫፉም ረዘም ያለ ስለሆነ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እንደልቡ ይሳባል። የዲፈረንሻሉንም አፍንጫ በሽብልቅ ወደ ሻፍቱ ቀና አደረጉት። መካኒካችን ቅር ሳይለው ራሱ ገጠመው፤ ሰቅሎ መለካቱን ሲያነሡበት አብሮ ይሥቃል፣ ይባረክ።

ሲያልቅ አለቃችን ራሳቸው ሊፈትኑኝ ከጎኔ ተቀመጡ። ገና ስንነሣ የበሩን እጀታ ጨብጠዋል። ወንዙን ተሻገርን፣ ዳገቱን ተያያዝነው፤ ከወንበሬ ሥር ድምፅ የለም። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ዞር ብል፣ አለቃዬ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ያን ጊዜ ዕንባዬ መጣ። እንዳይነቁብኝ ብዬ ጉድጓዶቹን በቀስታ እየዞርኩ ነዳሁ። ሲነቁ ስለ መጋዘን አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ ነገ በስንት ሰዓት እንደምንነሣ ብቻ ጠየቁኝ።

አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሴት ልጅ መኪና ሥር ምን ትሠራለች እያለ ጎረቤቱ ሲያማዎት፣ እርስዎ ቁልፍ አቀብዪኝ ይሉኝ ነበር። ዛሬ ቀና ብዬ የምሄደው በዚያ ነው። ይህን በአካል ሆኜ ብነግርዎ አንደበቴ ይተሳሰርብኛል፤ በወንድሜ አፍ ይስሙት።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ። አክስቴን፣ ነገሬ ያሳስባት ነበርና መሪው በእጄ እንዳለ ይንገሩልኝ። የወንድሜን ባለቤት እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እርስዎ ደግሞ፣ ሰው ሲነዳዎት መንገዱን ሙሉ አብረው ፍሬን እንደሚረግጡ እማዬ ነግራኛለች። የመጣሁ ዕለት ከፊት ወንበር አስቀምጬ ወደሚወዱት መንገድ ሁሉ እወስድዎታለሁ። ያን ቀን ማርሽ ቀይሪ፣ ቀስ በዪ እንዳይሉኝ። እንዲያው ተኙልኝ፣ አባዬ።

የምትወድዎ ልጅዎ
ከክሊኒኩ ግቢ፣ ከሹፌሮች ክፍል
እሑድ፣ ግንቦት 23