ከጆሮ ጀርባ ያለችው ጠብታ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ኅዳር ፱

እታለሜ፣

አያታችን አጠገቤ ቆማ «ደብዳቤ በጤና ይከፈታል፤ ሁላችንም ደህና ነን በይ» እያለች ያስጻፈችኝን ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። እሷ ቤት ሄዳ ጋደም ብላለች። እኔ ፀጉር ቤታችን ውስጥ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጬ፣ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ፣ እውነቱን ልጽፍልሽ ነው። ደህና አይደለንም። የእማዬ ፀጉር አልቋል።

«ትንሽ ሳሳ ብሏል» ብዬ ባለሳልስልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ታውቂኛለሽ። ከግንባሯ እስከ አናቷ ያለው ሄዷል። በጆሮዎቿ ዙሪያ ቆዳው ቀልቶ እንደ አሮጌ ግድግዳ ይላጣል። ሽማግሌዎች «ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል» ሲሉ ስለ አገር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ፀጉር ኖሯል።

እንዳልነግርሽ እማዬ አስምላኛለች። የማልኩት ግን «በስልክ አልነግራትም» ብዬ ነው፤ ስለ ወረቀት የተነሣ ነገር የለም። ስትደውዪ «ካሜራው ተበላሽቷል» የምትልሽም ውሸቷን ነው። ካሜራው ከአጎታችን ጥርስ የተሻለ ጤና አለው።

የጀመረው በማሳከክ ነው፤ ዓመት ሊሞላው ነው። ደንበኛ እየሠራች በማበጠሪያው ጭራ የራሷን ጆሮ ጀርባ ፎከት ፎከት ታደርጋለች። ቀጥሎ ትራሷ ላይ ፀጉር መገኘት ጀመረ፣ ቀጥሎ መታጠቢያው ቀዳዳ ላይ። ያኔ የቤታችን የሕክምና ቦርድ ተሰበሰበ። አያታችን «ዓይን ነው! ያቺ ጎረቤት ‹ፀጉርሽ እንዴት ያምራል› ካለቻት ጀምሮ ነው» አለች። ጎረቤቷ ይህን ያለችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ዓይኗ በእግሩ ነው መሰለኝ የመጣው። «ፕሮፌሰሩ» የምንለው አጎታችን ደግሞ፣ አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የማያውቀው በሽታ ተሳፍሮ ስለማያውቅ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለርጂ ነው የሚሉሽን እንዳትሰሚ! የማውቀው ሰው ዓሣ በበላ ቁጥር እንደ ፊኛ ያብጣል። ፀጉሩ ግን ጫካ ነው። አለርጂ ያስነጥሳል እንጂ ፀጉር አይነቅልም።»

«ያንተን ታዲያ ምን ነቀለው?» አለችው አያታችን።

«የኔን? ሐሳብ ነው የጨረሰው።»

«ሐሳብ? አንተ ዘንድ? በየት በኩል ገብቶ!»

እማዬ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ቀጥላ ያደረገችውን ፀጉር ሠሪ ካልሆነ ማንም አያደርገውም። አናቷ የሳሳ ደንበኛ ስትመጣ፣ ቆዳው በፀጉሩ መሀል እንዳያበራ ራሱን ቆዳውን በጥቁር ቀለም የምትነካካበትን ዘዴ ታስታውሺያለሽ አይደል? ለአንቺም አስተምራሻለች። በራሷ ላይ ሠራችው። በየቅዳሜው መስታወት ፊት ቆማ፣ የሚረግፈውን በሚያረግፈው ነገር ትሸፍን ነበር። ማን አወቀ! «እማዬ፣ አሁን ምንም አይታይም» ያልኳትም እኔ ነኝ። ያቺን ቃሌን መልሼ ልውጣት ብል አልወርድ እያለች ታንቀኛለች።

አንድ እሑድ ጠዋት ዓይኖቿ አልገለጥ አሉ። ፊቷ አብጦ አፍንጫዋ ጠፍቶ ነበር። እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ፕሮፌሰሩም ተከትሎን መጥቶ ለጥበቃው ሠራተኛ የጉንፋን መድኃኒት ሲያዝለት ቆየ።

የቆዳ ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ጺሙ ለመውጣት አስተያየት እየሰበሰበ ነው። እብጠቱ ሲቀንስ ጀርባዋ ላይ ትንንሽ ፕላስተሮች በመደዳ ለጠፈባት። ከቀናት በኋላ ሲያነሣቸው ከአንዷ ሥር ብቻ እሳት የነካው የመሰለ ቀይ አራት ማዕዘን ወጣ። የፀጉር ቀለሙ የተቀባባት ናት።

«ታዲያ ፀጉሬን የጨረሰው እሱ ነው?» አለችው።

«ሊሆን ይችላል። አለርጂ ብቻውን ፀጉር ያረግፋል ለማለት ይከብደኛል። ግን የራስ ቆዳ ሲቆጣ፣ ሲታከክ፣ ሲቆስል፣ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል። ቁጣው ሲበርድ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ጠባሳ የሆነበት ቦታ ግን…»

«እዚያም ሊመለስ ይችላል?»

«እዚያ አይመለስም።»

ያን ሁሉ «ይችላል» ከደረደረ ሰው አፍ የወጣችው እርግጠኛ ቃል ይህቺ ብቻ ናት።

ለምን ጓንት እንደማታደርግ ሲጠይቃት «ጓንት ጣቴን ያደነቁርብኛል» አለች። ከዚያ ስለ ጠብታዋ ነገረችው። አዲስ ቀለም በተከፈተ ቁጥር ከጆሮዋ ጀርባ አንዲት ጠብታ ቀብታ እንደምታድር፣ ቆዳዋ ዝም ካለ ብቻ ለሰው እንደምትቀባ፣ ይህንንም ሃያ ሁለት ዓመት እንዳደረገች። በኩራት ነው የነገረችው፤ አንገቷን ቀና አድርጋ። «በእጄ የተጎዳ ደንበኛ የለም» አለች።

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ጠብታው መሞከር የነበረበት ደንበኛዋ ላይ ነው። የእርስዎ ቆዳ ስለ ሌላ ሰው ቆዳ መመስከር አይችልም። ሰውነት ደግሞ ይታገሣል ይታገሣል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። እምቢ ካለ አይረሳም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ… በከንቱ ነበር?»

እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። ቀለም ሁለተኛ እንዳትነካ፣ የሚቀጥለው እብጠት ዓይኗ ላይ ላይቆም እንደሚችል፣ ጉሮሮ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ ነገራት። መጨረሻ ላይ «ቤት ውስጥ እንዲህ የሞከረ ሌላ ሰው አለ?» አለ።

«የለም» አለች። ቶሎ ነው ያለችው።

እኔ ጣራውን አየሁ። ጠብታው በእሷ ግራ፣ በአንቺ ቀኝ ጆሮ ጀርባ ይቀባ እንደነበር ረስቼ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላሽ ቀን «አደግሁ እኮ» ብለሽ ፀጉርሽን ገልጠሽ ጠብታሽን ስታሳዪኝ በቅናት አልቅሻለሁ። እኔ ላይ ግን እማዬ አንድም ቀን አላስነካችም፤ «ያንቺ ጆሮ ምክር እንኳ አይቀበልም» እያለች ትሸኘኛለች።

ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ እያጠብኩ፣ ካስክ እያስገባሁ፣ ቀለም የሚፈልገውን ወደ ሌላ ቤት እየላክሁ ከረምኩ። ከትናንት ወዲያ ነው ፎቶሽ የደረሰን፤ እዚያ ባሕር ማዶ የምትሠሪበት ፀጉር ቤት መስታወቶች ፊት ከባልደረቦችሽ ጋር የቆምሽበት። እነሱ ሁሉ ፀጉራቸውን ለቀውታል። አንቺ ጆሮሽን ሸፍኖ የሚወርድ የሱፍ ኮፍያ አድርገሻል።

«ኮፍያው እንዴት አምሮባታል!» አለች አያታችን።

«እዚያ ብርድ ነው» ብሎ ፕሮፌሰሩ የአየር ጠባይ ትምህርቱን ጀመረ። ባልደረቦችሽ በአጭር እጅጌ እንደሆኑ የተናገረ ሰው የለም። እኔም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አልኩ። እማዬ ፎቶውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አየችው፣ አየችው፣ አየችው። ከዚያ አምጥታ ለአያታችን መለሰችላትና ሰሃን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ሰሃን።

በማግስቱ፣ ትናንት ማለት ነው፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ሥራ ገባች። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህሯ መጡ። ከእማዬ ሌላ ራሳቸውን ያስነኩት ሰው የለም።

«የት ጠፋሽብኝ? አየሽው ሽበቴን? በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተበተነ ጠመኔ መስያለሁ።»

«ነገ ከሰዓት ይምጡ። አዲስ ቀለም ነው፣ ማታውን ልሞክረው።»

«እማዬ! ሐኪሙ እኮ—»

«አንቺ ምላስ፣ ፎጣዎቹን እጠፊ።»

መምህሯ ሲወጡ ተከራከርኳት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ላንቺ ነው» አልኳት። እንደ ድሮው በፎጣ እንድታባርረኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ «የሄደው አይመለስም ብሎኛል። ታዲያ ለየትኛው ነው የምጠነቀቀው?» አለችኝ። ቀለሙን በጠበጠች። ጣቷን ነክራ ወደ ጆሮዋ ስታነሣ እጇን ያዝኩና የራሴ ጆሮ ጀርባ ላይ ለቀለቅሁት።

እታለሜ፣ እማዬ መትታኝ አታውቅም። ትናንትም አልመታችኝም። ግን እርጥብ ፎጣ አንሥታ ቆዳዬ እስኪነድ ፈተገችው፤ ውሃ እያፈሰሰች፣ ደግማ እየፈተገች፣ «አንቺ እንኳ ትረፊልኝ! አንቺ እንኳ!» ትላለች። ከማን ሌላ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንቺንም አልጠይቅሽም።

ከዚያ እጇን አጥባ፣ ጠብታዋን በራሷ ጆሮ ጀርባ ቀባች።

ዛሬ ጠዋት ቦታው ቀልቶ ነበር። «ትንሽ ነው» አለች። አሁን መምህሯ ተቀብተው ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ፤ እማዬ ከኋላቸው ቆማ ሰዓት ትቆጥራለች። በመስታወቱ አያታለሁ። የግራ ዓይኗ ቆብ ከባድ ከባድ ሆኗል፤ የሻሿ ጫፍ ሥር አንገቷ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሐኪሙ የሰጣት መድኃኒት ኪሴ ውስጥ ነው፣ በየደቂቃው እነካዋለሁ። ፕሮፌሰሩ በር ላይ ተቀምጦ «ዛሬ ደህና መስለሻል» ይላታል። ዓይኑም እንደ ጥርሱ ነው።

መምህሯ ሊታጠቡ ነው። «እኔ ልጠባቸው» እላታለሁ፤ እምቢ ትለኛለች።

ፀሎት አላውቅበትም፣ ታውቂያለሽ። ግን እግዜር የጣትሽን ጫፍ፣ የጆሮሽን ጀርባ፣ የእኔ እጅ የማይደርስበትን ቦታሽን ሁሉ ይጠብቅልሽ። መልስሽን በትምህርት ቤቴ አድራሻ አድርጊው። ረጅም ጻፊልኝ። ፎቶ ግን አትላኪ።

ታናሽሽ፣
ምላሷ